የላቦራቶሪው ቁልፍ

ሰሞኑን ቡራዩ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደወለና «ጋሼ፣ የተበላሸ ሬዲዮ አለህ?» አለኝ። «ምን ሊያደርግልህ?» ስለው «ልፈታው ነዋ!» አለ። ክረምቱን የኤሌክትሮኒክስ ሥልጠና ወስዶ የቤቱን ዕቃ ሁሉ እየፈታታ ነው። እናቱ ቴሌቪዥኑን እንዳይነካባት ትጠብቃለች።

ሳቅሁ። ቆይቼ ግን ቀናሁበት።

እኔ ሰበታ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ2000 ዓ.ም. ነው፤ የፕላዝማ ዘመን። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው መምህርት አምፖልና ባትሪ በሽቦ ታገናኝና «አሁን እናንተ ሞክሩ» ትለናለች። በምን እንሞክር? አምፖሉን ደብተራችን ላይ ስለን ሳንጨርስ እሷ ወደሚቀጥለው ርዕስ አልፋለች።

ላቦራቶሪ ሳይኖረን ቀርቶ አይደለም። ማይክሮስኮፑ በመስኮት ይታየን ነበር። ሁለት ዓመት ስማር ግን አንድ ቀን ገብቼበት አላውቅም። ከዓመታት በኋላ መምህራችንን መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ዕቃውን በሞዴል 22 ፈርሜ ነው የተረከብኩት። አንድ ብልቃጥ ቢሰበር ተጠያቂው እኔ ነኝ። ቆልፌ ባስቀምጠው ግን ማንም አይጠይቀኝም» አሉኝ።

በሰውዬው አልፈርድም። ያስተማረ የሚጠየቅበት፣ የቆለፈ የሚመሰገንበት አሠራር ነው ያስፈራቸው።

በ2001 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማሩ ተባለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም በላቦራቶሪ እጦት ነው አልልም። ግን ነክቶ የማያውቀውን ነገር ተፈትኖ ያልፋል ብሎ መጠበቅም የዋህነት ነው።

ቡራዩ ላይ በ2015 ዓ.ም. የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ኢንስቲትዩት ተመርቋል። ደስ ይላል። ጥያቄዬ ከዚያ በፊት ስላለው ነው፦ ሽቦ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ተሰጥኦው በምን ይታወቃል?

መልሱ ሩቅ አይደለም። ስቴምፓወር የመጀመሪያ ማዕከሉን የከፈተው ቢሾፍቱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ በደንብ የተደራጀ ቤተ ሙከራ በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ይጋሩታል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በአንድ የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። በየከተማው አንድ አንድ ማዕከል ቢከፈት ልጆቹ በተራ ይገቡበታል። ይህ እስኪሆን ደግሞ ለየትምህርት ቤቱ «ሲማሩበት ለሚሰበር ዕቃ» የሚል ትንሽ በጀት ይያዝ። መምህሩ ያለ ፍርሃት በሩን ይክፈት።

ሬዲዮውን ላክሁለት። መልሶ ባይገጥመውም ግድ የለኝም፤ አላስፈረምኩትም።