ስሙን ብቻ የሚለውጥ ጨዋታ

አንድ ሥራ በሕዝብ ዘንድ ከተወደደ በኋላ ተከታዩን ማውጣት ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስፈራ ነገር ነው። ጀማሪ የሚያጣው ነገር ስለሌለው ይደፍራል፤ የተመሰገነ ግን ምስጋናው እንዳይቀርበት ሲጠነቀቅ ያስመሰገነውን ድፍረት ይረሳዋል። ይህን ሐሳብ ያሳደረብን ከመጻሕፍት ያገኘነው ምሳሌ ሳይሆን፥ በምንኖርበት በደጎሎ ከተማ ወጣቶች በቴሌቪዥን መስኮት የሚጫወቱት የእግር ኳስ ጨዋታ ነው።

የጃማ ዋልካ በክረምት ውሃ ሲጠግብ ጫማን ከእግር ስለሚነጥቅ፥ ሜዳ ወጥቶ ኳስ መጫወት አይታሰብም። በዚህን ጊዜ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ይሞላሉ። አንድ ቴሌቪዥን፥ አንድ አግዳሚና ሁለት ጆይስቲክ ካሉ ቤቱ ተሟላ ማለት ነው። እኛም ዕድሜያችን ከሠላሳ ማለፉ ሳያሳፍረን፥ ከቢሮ ስንወጣ አንዳንድ ቀን ከወጣቶቹ ጋራ ተራ እንጠብቃለን። (ስንት ጊዜ እንደ ተሸነፍን ለአንባቢ መግለጥ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም።)

ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው ፊፋ የተባለው ነው። የአሜሪካው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ኩባንያ የመጀመሪያውን በ1986 ዓ.ም. አወጣ፤ ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ ተከታዩን ያወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በመስከረም አካባቢ ስለ ሆነ፥ ከአደይ አበባ ጋራ አብሮ የሚፈነዳ ይመስላል። አደይም እንደ ዓምናው ሆና ትመጣለች፤ ነገር ግን አዲስ ናት ብሎ ዋጋ ያስከፈለባት ሰው አልሰማንም።

በ2012 ዓ.ም. ኩባንያው ኒንቴንዶ ስዊች ለተባለው መሣሪያ ፊፋ 20ን ሲያቀርብ «ሌጋሲ ኤዲሽን» አለው፤ የውርስ እትም እንደ ማለት ነው። ውርስነቱስ እውነት ነበር፤ የተጫዋቾቹ ዝርዝርና ማልያው ታድሶ አጨዋወቱ የዓምናው ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ ፊፋ 21 እንደዚያው ሆኖ ቢመጣ፥ አይ ጂ ኤን የተባለው የጨዋታ መገምገሚያ ያለፈውን ዓመት ሒስ መልሶ አወጣውና ከዐሥር ሁለት ሰጠው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ የተሻለ ሒስ የሚጻፍ አይመስለንም።

የጃፓኑ ኮናሚ በዚያው በ2013 ዓ.ም. ፔስ 2021ን ሲያወጣ፥ የዓምናው ጨዋታ የወቅት ማደሻ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ዋጋውንም ዝቅ አደረገ። ይህ ቢያንስ ጨዋነት ነው። ነገር ግን ያው ኮናሚ በመስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢፉትቦል ብሎ ሥረ መሠረቱን የለወጠ ጨዋታ ቢያወጣ፥ የተጫዋቾቹ ፊት ተበላሽቶ የዓለም መሣቂያ ሆነና ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። እንግዲህ ኩባንያዎቹ የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ፍርሃት እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሳናውቀው አንቀርም። የዓምናውን ዕቅድ አውጥቶ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ መለወጥ በየጽሕፈት ቤቱ የታወቀ ብልሃት ነው። አለቃ አይቈጣም፤ ዓምና የጸደቀ ስለ ሆነ ስሕተት አይወጣለትም። ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ ቢገባ ግን፥ ስንዴውን የሚዘራው ገበሬ ያንን ወረቀት ምን ያደርገዋል?

አንዳንድ ሰው ገበጣን እንደ መከራከሪያ ያነሣብን ይሆናል። ገበጣ በጕድጓዱና በጠጠሩ አባቶቻችን እንደ ተጫወቱት አለ፤ ማንም አልሰለቸውም። እውነት ነው። ነገር ግን «የዘንድሮ ገበጣ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ የለም፤ መሬት ቈፍሮ ጠጠር ለቀመ ማለት ጨዋታው ተጀመረ ማለት ነው። አንድ ዓይነት መሆን ነውር የሚሆነው አዲስ ነኝ ሲል ነው።

በፊፋም ቢሆን ድፍረት ታይቶ ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው ፊፋ 16 ዐሥራ ሁለት የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖችን ለመጀመሪያ ጊዜ አስገባ፤ በሩ ሲከፈት የተናደ ግድግዳ የለም። ስለዚህ ሌላውን በር ለምን ዘጋችሁት ብለን ለመጠየቅ መብት ያለን ይመስለናል። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ፤ በ2014 ዓ.ም.ም እንደ ገና ተካፈሉ። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ በወጣው ፊፋ 23 ግን ኢትዮጵያ የለችም። በ2016 ዓ.ም. ኩባንያው ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጋራ የነበረው ውል አብቅቶ የጨዋታውን ስም ወደ ኢ ኤ ስፖርትስ ኤፍ ሲ ለወጠ፤ የደጎሎ ልጆች ዛሬም ፊፋ ይሉታል።

እነርሱም ለጐደለው ነገር ዘዴ አላጡለትም። አንዳንዶቹ ካሜሩንን ይመርጣሉ፤ ማልያው አረንጓዴ፥ ቁምጣው ቀይ፥ ካልሲው ቢጫ ነውና። ቡድኑን ዋልያ ይሉታል፤ የካሜሩኑ አጥቂ ጎል ባስቈጠረ ቍጥርም የጌታነህ ከበደን ስም ይጠራሉ።