ከኮፈን ስር ያለው ሙቀት ዕቃ ይጎዳል ወይ?

አባይ በረሃን ወጥቶ ደጀን ላይ ያረፈ ሹፌር ኮፈን ሲከፍት ፊቱን የሚገርፈው ወበቅ ያስደነግጣል። የአባይ ድልድይ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደጀን ወደ 2,400 ሜትር ይጠጋል። ያ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ነፋስ እንደልብ በማያስገባ ፍጥነት ነው። ነዳጁ ብዙ ይቃጠላል፣ ከፊት የሚገባው አየር ግን ትንሽ ነው። እሱም ቢሆን ራዲያተሩን አልፎ ሲመጣ ሞቆ ነው የሚደርሰው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል።

«ይሄ ሁሉ ሙቀት ዕቃውን አይጨርሰውም?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጥያቄው ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ ይመለከተናል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እጃችን ላይ ያለችው ኮሮላና ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው። የመለዋወጫው ዋጋ እንደሆነ የሚቀመስ አይደለም።

መልሴ ይጎዳል ነው። የሚጎዳው ግን ብዙ ሰው የሚፈራለትን ክፍል አይደለም፤ ጉዳቱም በዚያው ቀን አይታይም።

ብረቱ ለሙቀት የተሠራ ነው። የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ዳገት ላይ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ይውላል፤ ምንም አይሆንም። ውሃው እስካልጎደለና እስካልፈላ ድረስ ቴስታታውም ሆነ ብሎኩ ችግር የለባቸውም። ቀስ እያለ የሚያልቀው በዙሪያው ያለው ነው፦ የውሃ ቱቦው፣ የራዲያተሩ የፕላስቲክ ራስ፣ ቺንጋው፣ የሽቦው ልባስ፣ የሶኬቶቹ መቆለፊያ፣ ባትሪው፣ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖቹ። ጎማ በሙቀት ብዛት ፀሐይ ላይ እንደከረመ ቆዳ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፕላስቲኩ ይገረጣል፣ ከዚያ ሶኬት ለመንቀል ሲነካ እጅ ላይ ይሰበራል። ባለሙያው ሰበረው ብለን እንቆጣለን፤ የሰበረው ግን የዓመታት ሙቀት ነው።

በኬሚስትሪ የታወቀ ግምታዊ ሕግ አለ። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕቃን የሚያስረጀው ሂደት ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ማለትም የዕቃው ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ባትሪ ላይ ይሄ በደንብ ይታያል። 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሠራ ብዙ ዓመት የሚቆይ ባትሪ፣ ዘወትር 35 ላይ ቢውል የዕድሜውን ግማሽ ያህል ያጣል። አዋሽና ሰመራ የሚመላለሱ ሰዎች ባትሪ ቶሎ ቶሎ የሚቀይሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችም ገደብ አላቸው፤ ኮፈን ስር እንዲገቡ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 105 ወይም 125 ዲግሪ እንዲችሉ ተደርገው ነው። ገደቡ ውስጥ ሆነውም ቢሆን እያንዳንዷ 10 ዲግሪ ከዕድሜያቸው ላይ ትቀንሳለች።

ስለዚህ የሚያሳስበኝ የአባይ በረሃ አንድ ቀን ሙቀት አይደለም። የሚያሳስበኝ በየቀኑ፣ አዲስ አበባ መንገድ ተዘግቶ ቆመን ሳለን ሳይቀር፣ ሳናውቀው የምንጨምራት ያቺ 10 ዲግሪ ናት። ጌጁ ይህን አይነግረንም። ጌጅ የሚለካው ውሃውን እንጂ ኮፈን ስር ያለውን አየር አይደለም። ብዙዎቹ ቪትዞች ደግሞ ጌጅ የሚባልም የላቸውም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ነው።

ያቺ 10 ዲግሪ የምትመጣው ከየት ነው? በአብዛኛው ፈተን ከጣልነው ነገር ነው። ማኒፎልዱ ላይ የተገጠመችው ስስ ላሜራ ብሎኗ ሲላላ ትንጫጫለች፤ ትነቀልና ጥግ ላይ ትጣላለች፣ ድምፁም ይጠፋል። ላሜራዋ ግን የ500 ዲግሪውን ግለት ከጎን ካሉት ሽቦዎችና ቱቦዎች ትጋርድ ነበር። ባትሪ ሲቀየር ዙሪያውን የሚሸፍነው ልባስ አዲሱ ላይ አልገባም ተብሎ ይቀራል። ቬንቲሌተሩን ያቀፈው ፕላስቲክ ሲሰበር አይተካም፤ ያኔ ቬንቲሌተሩ አየር የሚስበው በራዲያተሩ በኩል መሆኑ ይቀርና ከኋላ ያለውን የሞቀ አየር መልሶ ያሽከረክረዋል። ከሞተሩ ሥር ያለው መከለያ ጉድባ ላይ ተገንጥሎ ሲወድቅ «እንዲያውም ይተንፍስ» እንላለን። በብዙ መኪና ግን አየሩ መንገዱን ይዞ እንዲወጣ የሚያግዘው እሱ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ የቴርሞስታት ነገር ነው። «ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው፣ እዚህ አያስፈልግም» ይባልና ወልቆ ይጣላል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቀን ብዙ ነው። ሞተሩ መሞቅ ያለበትን ያህል ሳይሞቅ ይነዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል። ዳገት ላይ ደግሞ ምንም አልተረፈም፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ቴርሞስታት ውሃውን ያሳልፈዋልና ያኔ አቅሙን የሚወስነው ራዲያተሩ ነው። እንዲያውም በአንዳንድ ሞተር ቴርሞስታቱ ሲወልቅ የጎን መተላለፊያው ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሙቀት ሊቀንስ ወልቆ ሙቀት ይጨምራል ማለት ነው።

የራዲያተር ክዳንም እንደዚሁ የተናቀ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። «1.1» የሚል የተጻፈበት ደህና ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ ያው ውሃ እስከ 118 አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ኩላንት ከተጨመረበት ከዚያም በላይ ይሄዳል። አሁን ክዳኑ ላስቲኩ ደርቋል፣ ውስጥ ያለውም የቧንቧ ውሃ ነው እንበል። በብዙ መኪና ቬንቲሌተሩ የሚነሳው ውሃው 95 አካባቢ ሲደርስ ነው። ቬንቲሌተሩ ሳይነሳ ውሃው ፈላ ማለት ነው! ከዚያ ራዲያተር ይቀየራል፣ የውሃ ፓምፕ ይቀየራል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይወርዳል። ክዳኑን ግን የሚያየው የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮፈን ስር ያለው አየር እጅግ የሚግለው እየነዳን ሳለ ሳይሆን ሞተር ካጠፋን በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው። ውሃው መዞሩን ያቆማል፣ ነፋሱ ይቆማል፣ የማኒፎልዱ ግለት ግን መሄጃ አጥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ዳገት ጨርሳችሁ ስትቆሙ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ጋዝ ሳትሰጡ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሥራ። ተርቦ ላለው መኪና ይሄ ግዴታ ነው በሉት። ከዚያ አጥፉና ኮፈኑን ከፍታችሁ ተዉት፣ ሙቀቱ ይውጣ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አትንኩ፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ውስጥ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

በሚቀጥለው ሰርቪስ ደግሞ ባለሙያዎቹ አጠገብ ቁሙና የጎደለውን ጠይቁ፦ ላሜራዋ አለች ወይ? የባትሪው ልባስ የት ሄደ? የቬንቲሌተሩ ፕላስቲክ ሙሉ ነው? የላሜራዋ ብሎን ዝጎ ተበጥሶም ከሆነ፣ አዲስ ብሎን አስገብተው እንዲያስሯት ንገሯቸው።