አንድ ሣጥን ጠብመንጃ

ካምፓላ ፊልም የሚታይበት የራሷ ወግ አላት። በየሠፈሩ «ቢባንዳ» በሚባሉት የቪዲዮ ቤቶች የውጭ ፊልም ሲታይ፣ «ቪጄ» የተባለው ሰው ማይክሮፎን ጨብጦ የተዋንያኑን ንግግር እግር በእግር እየተከተለ በሉጋንዳ ያሰማል። ይተረጉማል ለማለት ይከብደኛል፤ ሲያሻው ይጨምራል፣ ሲያሻው ይቀንሳል፣ ተዋናዩን በመሐል ይሰድበዋል። ኑሮዬን በትርጉም ሥራ የምገፋ ሰው እንደ መሆኔ መጠን መጀመሪያ ስሰማው ተናድጄ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን መቅናት ጀመርኩ።

በአንድ ዝናባማ የቅዳሜ ምሽት እኔም ሳላስበው ቪጄ ሆንኩ። ኪሱጉ በምንኖርበት ግቢ ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው ጎረቤት አሉ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባዎቹን አጋምሷል፤ አባታቸው በጣሊያን ጊዜ በአርበኝነት በረሃ ወርደዋል። የካውቦይ ፊልም ነፍሳቸው ነው፤ እንግሊዝኛው ግን አይገባቸውም። የዚያን ዕለት የገጠመን ሳም ፔኪንፓ እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራው «ዘ ዋይልድ በንች» ነበር።

ታሪኩ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1913 ሜክሲኮ በእርስ በርስ ጦርነት በምትታመስበት ጊዜ ነው። ያረጁ የአሜሪካ ሽፍቶች ድንበር ተሻግረው ማፓቼ ከሚባል ጨካኝ ጄኔራል ጋር ይዋዋላሉ፤ ከአሜሪካ ጦር ባቡር ላይ ጠብመንጃ ዘርፈው ሊያመጡለት፣ እሱም ዐሥር ሺህ ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ሊከፍላቸው። ከመካከላቸው አንሄል የሚባለው ወጣት ሜክሲኳዊ እምቢ ይላል። የትውልድ መንደሩን የዘረፈው ይኸው ማፓቼ ነውና።

«ምን እያለ ነው ይኼ ልጅ?» አሉኝ አባባ።

ከወርቁ ድርሻውን እንደሚተውና በምትኩ አንድ ሣጥን ጠብመንጃ ከነጥይቱ ለመንደሩ ሰዎች እንዲሰጡት መስማማቱን ነገርኳቸው። አባባ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «ጠብመንጃ ምን? ምንሽር ነው? ውጅግራ?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። እኔ «ጠብመንጃ» ብዬ ያለፍኩት ለእሳቸው ስም የሌለው ሰው እንደ መጥራት ነበር። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ»፣ ለበን ከለበል፣ ምንሽር ከማንሊከር የመጡ ስሞች ናቸው። መሣሪያው በታጁራና በጅቡቲ በኩል ሲገባ የአገሬው አንደበት ስሙን ቀርጦ አስገብቶታል። (ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1887 ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠብመንጃ ጭኖ የመጣው በዚያው በታጁራ መንገድ ነው፤ የጠበቀውን ያህል ትርፍ ግን አላገኘም።)

አባባ በአባታቸው ጊዜ ከሱዳን የመጣውን መሣሪያ አስታወሱ። ነገሩ ሲታሰብ ይገርማል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1938 ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና ከሰጠች በኋላ፣ ከሱዳን ወደ ጎጃም ጥይት ይዞ የሚሻገር ሰው ሕግ አፍራሽ ነበር። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ከሂትለር ጎን ተሰልፋ ጦርነት አወጀች። ከዚያ ወዲህ ጭነቱም መንገዱም እንዳለ ሆኖ፣ ትናንት ኮንትሮባንድ የተባለው ዛሬ እርዳታ ተባለ። ነሐሴ ላይ ሳንድፎርድ የመሩት ቡድን ጎጃም ገባ። ለአርበኞቹ መጀመሪያ ከደረሳቸው መሣሪያ ውስጥ አንድ ጊዜ ተኩሰው እንደገና የሚያጎርሱት አሮጌ ጠብመንጃ እንደሚበዛበትና ይህም እንዳሳዘናቸው ተጽፏል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። ጭነቱን የተሸከሙት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። ስለ እነሱ ፊልም የሠራ የለም።

አባባ ይህን ሲያወጉ እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ ለአንድ ጥገኝነት ጠያቂ ወጣት በቃለ መጠይቅ ላይ አስተረጎምኩ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትቼዋለሁ። ወጣቱ «መሣሪያ ይዤ ተሻገርኩ፤ ማዶ ሸጥኩት» አለ። እኔም ሳልዘገይ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፤ ስመልሰው ግን «መሣሪያዎች» አልኩ።

አማርኛ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ማረሻውም መሣሪያ ነው፣ ማሲንቆውም መሣሪያ ነው፤ «መሣሪያ» ብቻውን ሲቆም ግን ጠብመንጃ ነው። ከዚህም በላይ ቃሉ አንድም ይሁን ብዙ አይናገርም፤ እንግሊዝኛው ግን አንዱን ካልመረጡ አያሳልፍም። እኔ ብዙውን መረጥኩ። ልጁ ያለው «ሸጥኩት» ነበር፤ «ሸጥኳቸው» አላለም። ያቺ የመጨረሻዋ «ት» ሁሉን ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ጠያቂው ቀጠለ፤ ስንት ጊዜ ተመላለስክ? ለማን ትሸጥ ነበር? ልጁ ግራ ገብቶት እኔን እኔን ያይ ጀመር። ጉዳዩ የአባቱ አንድ ምንሽር ነበር፤ ለራቱና ለመንገዱ ያዋለው።

ስህተቱ የታወቀኝ በቦዳ ወደ ኪሱጉ ስመለስ፣ ካባላጋላ መታጠፊያው ላይ ነው። በማግስቱ ሄጄ ማስተካከል ነበረብኝ። አልሄድኩም። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ደብዳቤ ጽፌ የወሰድኩት በዘጠነኛው ቀን ነው። ተቀበሉኝ፤ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል አሉኝ። ልጁን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ፊልሙ አላለቀም ነበር። አንዲት ሣጥን መጉደሏ ታውቆ አንሄል በማፓቼ እጅ ወደቀ። አብሮት የሄደው ዳች የሚባለው ጓደኛው ብቻውን ነውና ሊያድነው አይችልም። ጓደኛውን ሌባ ብሎ ለጄኔራሉ ትቶት ፈረሱን አዞረ። ኧርነስት ቦርግናይን ይህን ሲጫወት ፊቱን ማየት ነው፤ አፉ የሚናገረውን ዓይኑ አይቀበለውም። እኔም እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ምላሴ ተሳሰረ። ለመንደሩ አንዲት ሣጥን ያስቀረውን ልጅ በአባባ ፊት ሌባ ማለት አቃተኝ። እንደ ቪጄዎቹ አደረግሁ።

«ጓደኛው አላውቀውም ብሎ ካደው» አልኳቸው።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ሌባ ነው ያለው። ‹ቲፍ› ሲል ሰማሁት እኮ። ይህቺን ቃል እዚህ አገር ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃታል።»

ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱና «በል ቀጥል» አሉኝ።