የነብር ወሰንና የአባታችን ለምድ

አባታችን የተዉልን የነብር ለምድ በትከሻው በኩል ቀዳዳ ስለ ነበረበት፥ ለማሰፋት ብለን ከአፍንጮ በር ቤታችን ተነሥተን የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረን ወደ አራዳ ወጣን። ታናሹ ልጃችንም ለምዱን ታቅፎ ይከተለን ነበር። በመንገድ ሳለን፥ «አባባ፥ ነብር ይህን ያህል ግዙፍ ነውን?» ብሎ ቢጠይቀን፥ ሳናመነታ «አዎን» ብለን መለስንለት። ቆዳ የሚያለፉት ሽማግሌ ግን ለምዱን ዘርግተው ካዩ በኋላ፥ «ጌታዬ፥ ቆዳ በችካል ሲወጠር ይለጠጣል፤ አውሬውን በቆዳው አይለኩትም» አሉን። ልብሱን እንጂ ባለቤቱን አለማወቃችን በልጃችን ፊት አሳፈረን። ለምዱን ከእርሳቸው ዘንድ ትተን ተመለስን።

ከዚህ በኋላ መጻሕፍት መርምረን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን። የወንድ ነብር አካል አገሩ በሚሰጠው ምግብ ልክ ነው። በደቡብ አፍሪቃ፥ አደን በሞላበት በክሩገር ጥብቅ ሥፍራ፥ ወንዱ 60 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በዚያው አገር በኬፕ ተራሮች ሰስና ሽኮኮ እያደነ የሚኖረው ግን 35 ኪሎ ያህል ነው። ሆኖም የሚበላው ተበታትኖ ስለሚገኝ፥ ትንሹ ከትልቁ ይልቅ ሰፊ ምድር ያስፈልገዋል።

ወንዱ ወሰኑን የሚያስከብረው ሁልጊዜ በጠብ አይደለም። ዛፍ እየቧጨረ፥ በቍጥቋጦ ላይ ሽንቱን እየረጨ፥ ሌሊትም የመጋዝ ድምፅ በሚመስል ጩኸት ባለቤትነቱን ያስታውቃል። በወሰኑም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ የሚበልጡ እንስቶች ግልገሎቻቸውን ያሳድጋሉ። ባለ ወሰኑ በተገደለ ጊዜ ግን እንግዳ ወንድ ይገባል፤ እናቲቱም ፈጥና እንድትፀንስለት የቀደመውን ወንድ ግልገሎች ይገድላል። እንግዲህ አንድ ለምድ የአንድ ነብር ሞት ብቻ አይደለም። በዚያው በደቡብ አፍሪቃ፥ ፊንዳ በሚባለው ጥብቅ ሥፍራና በአካባቢው፥ ነብር መግደል እንዲቀንስ በተደረገ ጊዜ ከሞት የሚተርፉት ግልገሎች በዝተዋል።

የእኛም አገር ነብር በመናገሻ ደንና፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. በተከለለው በባሌ ተራሮች ፓርክ ይኖራል። ኢትዮጵያም የነብርን ቆዳ ንግድ የሚገታውን የዓለም ውል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ተቀብላለች። ነገር ግን መከለል የሚጠቅመው ደኑ ከነሚዳቋው፥ ባለ ወሰኑም ከነሕይወቱ ሲጠበቅ ነው።

ለምዱን ለመረከብ በተመለስን ጊዜ ሽማግሌው ገና አልሰፉትም ነበር። ቀዳዳው ጦር የገባበት መሆኑንም በጣታቸው አሳዩን። ልጃችን ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ግልገሎች ነበሩትን?» ብሎ ጠየቀን። የምንመልሰው አልነበረንም፤ ቀዳዳውም ሳይሰፋ ለምዱን ይዘን ወደ አፍንጮ በር ወረድን።