የዋሱ ጥያቄ

ታናሽ እህቴ የሕግ መውጫ ፈተና የወደቀች ሰሞን፣ ከባንኩ መስኮት ተነሥቼ አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ታቅፋ አገኘኋት። 3,367 አንቀጽ! «ጋሼ፣ ጠይቀኝ» አለችኝ። አንቀጽ 1922ን ጠየቅኋት። ዋስትና በግልጽ መነገር እንዳለበት፣ የገንዘቡም ጣሪያ ካልተጻፈ እንደማይጸና አንበለበለችው።

«እንግዲያው አንድ ሽማግሌ ለወንድማቸው ልጅ ብድር ‹የፈለገው ያህል ቢሆን እኔ አለሁ› ብለው ቢፈርሙ፣ ዕዳው ይይዛቸዋልን?»

ዝም አለች።

አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ወረቀቷ ነጥብ ብቻ ተጽፎበት ነበር የሚመለስላት። (በእንግሊዝኛ ተምሮ በአማርኛ መሟገት ደግሞ ሌላ ሸክም ነው።)

ለዳግም ፈተናው አንድ መምህሯ በየቅዳሜው ሰዓት ይዞ ያስጽፋት ጀመር፤ በየመልሷም ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም «ለምን?» ብሎ ይመልስላታል። ትምህርት ቤቱ ይህን ከመጀመሪያው ዓመት ቢጀምረው ምን ነበረበት? በፈተና ሰሞን የሚታደል የክለሳ ጥራዝ የተጠማን ሰው በጠብታ መሸኘት ነው።

ትናንት ራት ላይ ሳለን ድንገት ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ሽማግሌውን ዕዳው አይዛቸውም። ጣሪያው የት ተጻፈና?»