አግዳሚ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ልጆች

ለሶሲዮሎጂ የዶክትሬት ጥናቴ በእስራኤል የቤተ እስራኤል ወጣቶችና ፖሊስ የሚጋጩባቸውን ሰፈሮች እከታተላለሁ። ሰዉ አብዝቶ የሚጠይቀኝ ስለ ቆዳ ቀለም ነው። እውነት ነው፤ በጊዜው የፖሊስ ኮሚሽነር የነበሩት ሮኒ አልሼክ ራሳቸው በ2016 ኢትዮጵያዊን አብልጦ መጠርጠር ተፈጥሯዊ እንደሆነ በአደባባይ ተናግረዋል። በ2019 ቤተ እስራኤላዊው ወጣት ሰሎሞን ተካ ቂርያት ሐይም ውስጥ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት ደግሞ ወጣቶቻችን መንገድ ዘግተው ጮኹ። ግን ሰፈሩን ካላየን ነገሩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ወላጆቻችን በ1990ዎቹ በመንግሥት ብድር ቤት ሲገዙ ብድሩ የሚበቃው ርካሽ ሰፈር ላይ ነበር። ረሆቮት እንዳለው ቂርያት ሞሼ ያሉ ሰፈሮች በሐበሻ የሞሉት በዚህ ነው፤ «አብረው መኖር ስለሚወዱ ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘሉታል። ቤቱ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ። ስለዚህ ከሕንፃው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር የልጆቹ ሳሎን ሆነ። ፓትሮሉም የሚዞረው እዚያው ነው። መታወቂያ ይጠየቃል፤ አንዱ ልጅ «ምን አደረግሁ?» ይላል፤ ድምፅ ከፍ ይላል፤ «ፖሊስ ሥራውን እንዳይሠራ አውኳል» ተብሎ መዝገብ ይከፈታል። ፓትሮሉ ባይቆም ኖሮ ጥፋት የሚባለውም አይኖርም ነበር! ያ መዝገብ ልጁ ሠራዊት ሲገባ ጥሩ ክፍል ሊያሳጣው ይችላል። መዝገብ ሲበዛ ሰፈሩ «አስቸጋሪ» ይባልና ሌላ ፓትሮል ይጨመርለታል።

አንድ ምሽት የ16 ዓመት ልጅ እያነጋገርኩ የፓትሮል መኪና ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ወሬውን ሳያቋርጥ ኮፍያውን ከራሱ አወረደ፤ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ማንም አላዘዘውም። እዚሁ ተወልዶ በዕብራይስጥ አፉን የፈታ ልጅ ነው። ሐበሻነቱን ከቄሶቻችንና ከአያቶቹ ይልቅ ከፓትሮል መኪና መማሩ ያንገበግበኛል።

እናቶቹ ደግሞ ሕግን አክብረው ያደጉ ናቸው። ልጁ ተያዘ ሲባሉ «ምን አጥፍቶ ይሆን?» ነው የሚሉት፤ ልጁም ይህን ስለሚያውቅ የደረሰበትን ቤት አይናገርም።

ወላጆች ሆይ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ መታወቂያ መጠየቅ እንደማይፈቀድ ወስኗል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጃችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሲጠየቅም በመሠረቱ አብራችሁት የመገኘት መብት አላችሁ። እባካችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት የት እንደነበር፣ ማን እንዳስቆመው፣ ምን እንደተባለ ጠይቁትና ጻፉት።