አንዴ ሞክሮ ተወው

ፊልም እያየሁ የሚያወራብኝ ሰው አይመቸኝም። «እሱ ነው ገዳዩ!»፣ «ወይኔ በሩን እንዳትከፍችው!»፣ «ይሄን ሰውዬ ሌላ ፊልም ላይ አውቀዋለሁ እኮ…» የሚል ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ ፊልሙን ትቼ እሱን ነው የማየው። መቼም እናንተም እንዲህ ዓይነት ወዳጅ አታጡም። የኔ ግን ይብሳል። የኔ ቤተሰብ ሙሉውን እንዲህ ነው።

እኔ ደግሞ ለራሴ ፊልም አዋቂ ነኝ ባይ ነኝ። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም ሲወርድ እንኳ አልነሳም። ቅዳሜ ማታ «ዛሬ ምን እንይ?» ተብሎ የሚደወለው ለኔ ነው። እኔም «እሱ ይደብራል»፣ «ያኛው አሪፍ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ተበላሸ እንጂ» እያልኩ እንደ ዳኛ ፍርድ እሰጣለሁ። ዛሬም ብዕር ያነሳሁት ሰሞኑን ስላየኋቸው ሦስት ፊልሞችና አንድ ተከታታይ ድራማ እንደለመድኩት ልፈርድ ነበር። ስጀምረው ግን ነገሩ ወደ ራሴ ዞረብኝ። እስቲ ታገሱኝ።

ከእማዬ ልጀምር።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ማሳየት ሲጀምር ከተማው ምን ሆኖ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስንቱ ቤት ወጥ አረረ! የአገራችን የፊልም ሰዎች «ገበያችን ሊዘጋ ነው» ብለው ቅሬታ አሰሙ። እማዬ ግን ምንም ቅሬታ አልነበራትም። «ጥቁር ፍቅር» የተባለው የቱርክ ድራማ ሲጀምር እሷ ዘንድ ስልክ አይነሳም፣ በር አይከፈትም። እኔ ያኔ ገና ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጎረምሳ ነበርኩና «አፋቸውና ድምፃቸው እንኳ አይገጥምም» እያልኩ እስቅባት ነበር።

ታዲያላችሁ በቅርቡ ታናሽ እህቴ ያንኑ ድራማ ከየትም ከየትም ብላ በፍላሽ ይዛላት መጣች። እኔም መውጫ ያጣሁ ቀን አብሬያት ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር? ሁለት ሰዎች ሳይናገሩ ሲተያዩ እኔ እራቴን በልቼ እጄን ታጥቤ እመለሳለሁ። እንባው ሳይመጣ ሙዚቃው ቀድሞ ይመጣል። አጀማመሩ ግን የምር ይይዛል። የአንድ ፖሊስ እጮኛ ከአንድ ሀብታም ሰውዬ ጋር መኪና ውስጥ ተገድላ ትገኛለች። ፖሊሱና የሰውዬው ልጅ እውነቱን ለማወቅ አብረው ይወጣሉ። አስቡት፣ ሁለቱም የሚፈልጉት እውነት የራሳቸውን ቤት የሚያፈርስ ነው። ለዚህ እጄን ሰጥቻለሁ።

መሃል ላይ እማዬ ከምትለቅመው ምስር ቀና አለችና «ይሄ ልጅ የሰው ምስጢር ሲፈለፍል ይውላል፤ ደጁ ያለውን ግን አያይም» አለች። ይህን ስትል ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

«እማዬ፣ ፖሊስ'ኮ ነው፤ ሥራው ነው» አልኳት።

ዝም ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ሁለተኛው «ጤዛ» ነው። የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። በፈረንጆች 2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ቡርኪና ፋሶ በሚካሄደው ፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት አገኘ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያውም ፊልም አዋቂ ነኝ እያልኩ፣ ሳላየው መቆየቴ ያሳፍረኝ ነበርና አንድ እሁድ ከፈትኩት። አንበርብር የተባለ፣ ጀርመን የተማረ ምሁር ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን አገሬን አገለግላለሁ ብሎ ይመጣል። በኋላ ሕልሙንም፣ ጓደኛውንም፣ አንድ እግሩንም አጥቶ ጣና አጠገብ ወዳለው መንደሩ፣ እናቱ ዘንድ ይገባል። ፊልሙ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚል ሻይ ላፍላ ብላችሁ ብትነሱ ስትመለሱ ሌላ አገር ነው የሚጠብቃችሁ። ሲያዩት ያደክማል። ካለቀ በኋላ ግን አይለቅም።

አባዬ ጥግ ላይ ጋዜጣውን ዘርግቶ ተቀምጧል። አባዬ ከዜናና ከኳስ ሌላ አያይም፤ ስለ ወጣትነቱም አያወራም። «ያኔ እንዴት ነበር?» ስንለው «አለፈ» ብቻ ነው መልሱ። የመንደሩ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀው የሚያሳየው ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ጋዜጣው ዝቅ አለ።

«እኛ ሰፈር ዋሻ አልነበረም» አለ።

ፊልሙን አቆምኩት። «ታዲያ የት ተደበቅህ?»

«አክስቴ ቤት፣ ቆጥ ላይ። ሁለት ወር ያህል።» ከዚያ ትንሽ ቆየና «አብሮኝ የሚማር ልጅ ለዳቦ ወጥቶ አፈሷት… አፈሱት» አለ፤ ምላሱ ተሳስቶበት። «ልቀቀው፣ ይቀጥል» ብሎ ጋዜጣውን መልሶ አነሳ። ገጹን ግን እስከ መጨረሻው አልገለጠም።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. መውጣቱን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። አባዬ ያኔ የስንት ዓመት ልጅ እንደነበረ አስልቼ ግን አላውቅም ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬ ያልነገረኝን አንድ የፊልም ትዕይንት አስነገረው። እኔ ሞኙ ግን ያን ዕለት ማታ ለጓደኞቼ ያወራሁት ስለ ካሜራው ነበር!

ሦስተኛው «ታይታኒክ» ነው። «እንዴ! ያንን ያላየ አለ?» እንዳትሉኝ። እኔ አይቼዋለሁ፣ እሷም አይታዋለች። እሷ ማለት አምስት ዓመት ሙሉ አብራኝ የቆየች ልጅ ናት። እህቷ ቤት ቁጭ ብለን ቻናል ስንቀያይር አገኘነውና ተውነው። የጄምስ ካሜሮን ፊልም ነው፤ በፈረንጆች 1997 ወጥቶ አሥራ አንድ ኦስካር የወሰደ። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። መርከቡ እንደሚሰምጥ ሁሉም ሰው እያወቀ ሦስት ሰዓት ሙሉ «ምናልባት…» እያለ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ሰውዬው ባርኔጣ ይነሳለታል።

መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ልጅቷ እንጨቱ ላይ ነች፤ ልጁ ውሃ ውስጥ። እሷ ከጎኔ ሆና በቀስታ «አንዴ ሞክሮ ተወው» አለች።

ውይ ጉዴ! ይህንማ ተዘጋጅቼበታለሁ። «አየሽ፣» አልኳት፣ «ችግሩ የቦታ አይደለም፣ የክብደት ነው። እንጨቱ ሁለቱን አይችልም። ዳይሬክተሩ ራሱ ሰዎችን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትቶ አስሞክሮታል። ምናልባት ሊተርፍ ይችል ነበር፣ ግን ብዙ ነገር መገጣጠም ነበረበት።»

«እኔ ስለ ቦታ መች አወራሁ? አንዴ ሞክሮ ተወው ነው ያልኩት።»

«እንጨቱ ሲገለበጥ አላየሽም? ደግሞ ቢሞክር ሁለቱም ይሰምጡ ነበር።»

«ቢያንስ ይሞክራ!»

እህቷ ቡና ልታፈላ ስትነሳ እሷም አብራት ተነሳች። ቡናው ሲቀርብ ስለ ሌላ ነገር አወራን። እኔ ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መልእክቶቿ አጠሩ። «ደህና።» «እሺ።» «ሥራ በዝቶብኝ ነው።» እኔም የምር ሥራ የበዛባት መሰለኝ።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የአባዬ ቆጥ መጣብኝ። አባዬ ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብሎ ለምን ያን ቀን ተናገረ? ስለ ራሱ አውራ ስላልተባለ ነው። ስለ ፊልሙ እያወራ ነበራ! ይህን ሳስብ የእማዬ ፖሊስ ተከተለ። እሱን ተከትሎ ደግሞ «አንዴ ሞክሮ ተወው»። ተነስቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ጉዱን ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ስለ ጋብቻ አንስቼባት ነበር። ካፌ ቁጭ ብለን በናፕኪን ላይ ሒሳብ ሠራን። የቤት ኪራይ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ አልጋ፣ ድግስ… ቁጥሩ እየበዛ ሲመጣ ራሴን አመመኝ። «ትንሽ ብር ይሙላልን» አልኳት። «እሺ» አለች። ናፕኪኑን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳሁትም። ዝም ስትል የተስማማች መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ እማዬን «ያን ቀን ስለ ፖሊሱ ያልሽው…» ብዬ ጀመርኩ።

«የቱ ፖሊስ?» አለችና ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ደወልኩላት። «ፊልም እንይ» አልኳት። ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅማ! ትንሽ አመንትታ እሺ አለች። ካፌ ጥግ ይዘን፣ ላፕቶፕ ከፍተን፣ አንድ ኢርፎን ለሁለት ተካፍለን «ላምብ»ን ጀመርን። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው፤ በፈረንጆች 2015 ካን ላይ በይፋዊው ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ኤፍሬም የሚባል ትንሽ ልጅ እናቱ ሞታበት አባቱ ዘመድ ቤት ያስቀምጠዋል። ያለችው አንዲት በግ ናት፣ ቹኒ። አጎቱ ደግሞ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ ለዚህም ይሰደባል። ተራራውና አረንጓዴው ዓይን ያጠግባል። ፊልሙ አይቸኩልም፣ ማንም አይጮህም። ቱርኮቹ ቢሠሩት ኖሮ በጓ ብቻ አሥር ክፍል ታለቅስ ነበር።

ልጁ ወደ ቤቱ መመለሻ ብር ለማግኘት ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ወስዶ ሲሸጥ እሷ ፈገግ አለች።

«ብር እስኪሞላለት አልጠበቀም» አለች።

አፌን ልከፍት ስል ስለ ሳምቡሳው አሠራር፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ዳይሬክተሩ የምለው ሁሉ ተደርድሮ መጣልኝ። ዋጥ አደረግኩትና ፊልሙን አቆምኩት።

«ብሩ አሁንም አልሞላም» አልኳት። «የሚሞላም አይመስለኝም። ድግሱ ይቅር። አንድ ክፍል ቤት እንከራይ። ሁለት ዓመት ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው እንጂ ትቼሽ አይደለም።»

ከጆሮዋ ኢርፎኑን አወጣች። «ይሄ ስለ ፊልሙ ነው?»

«አይደለም።»

ብዙ ቆየች። ከዚያ «ዛሬ የመጣሁት በቃኝ ልልህ ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «አሁን ምን እንደምልህ አላውቅም። ላስብበት።» ፊልሙን ጨረስነው። ታክሲ ድረስ ሸኘኋት። ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፣ እያሰበችበት ነው። እኔም ስልክ ይዤ ነው የምተኛው። ግን በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ፤ አንዴ ሞክሬ አልተውኩም።

እናንተዬ፣ አጠገባችሁ ፊልም የሚያይ ሰው ድንገት «እንዴት እንዲህ ያደርጋታል?» ቢል ስለ ዳይሬክተሩ ማስረዳት አትጀምሩ። መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ምናልባት ስለ ፊልሙ ብቻ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ስለ እናንተ ነው፤ በቀጥታ ቢላችሁ እንደማትሰሙት ስላወቀ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ነገሩን ለቤተሰቤ ነገርኳቸው። እማዬ ዓይኗን ጠረገች። አባዬ ጋዜጣውን አጠፈና «እናትህን ሦስት ጊዜ ነው ሽማግሌ ልኬ ያስጠየቅኳት» አለኝ። «በሁለተኛው አባቷ ውሻ ሊለቁብን ነበር።»

ቴሌቪዥኑ እንኳ አልተከፈተም ነበር። ቸር ሰንብቱ!